ሰይድ የሸጠልኝ ቀይ ነጥብ

ስለ ሌሎች ሰዎች ሞኝነት ብዙ ጽፌአለሁ። ስለ ቤት አሻሻጮች፣ ስለ ቫይታሚን ነጋዴዎች፣ ሠርግ ላይ በመኪና ብዛት ስለሚፎካከሩ ዘመዶቼ። አንባቢ ይስቃል፤ እኔም በመሳቁ ደስ ይለኛል። የዛሬው ሞኝ እኔ ነኝ። ሞኝ ብቻ ብሆን ኖሮ ይህንንም በሳቅ ባለፍነው ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 2021 መኸር እዚሁ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ያኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከከተማው ዳር፣ ጋሃና በምትባል ሰፈር እኖራለሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ የጭነት ድርጅት ቢሮ ውስጥ ወረቀት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው አሳልፋለሁ። የቀረውን ጊዜ አነባለሁ። ያገኘሁትን ሁሉ ነው የማነበው፤ የመድኃኒት ጠርሙስ ጀርባ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር፣ ያለ መነጽር። ይህችን «ያለ መነጽር» የምትል ነገር ልብ በሉልኝ። እኩዮቼ ምግብ ቤት ገብተው ሜኑ ሲሰጣቸው ክንዳቸውን እየዘረጉ ወደ ኋላ ሲሸሹ እኔ ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር ይዤ ጮክ ብዬ አነብላቸው ነበር። ሐብት ለሌለው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ትልቅ መኩሪያ ነው።

ያው በ2020 በኮሮናው ምክንያት የሐላል ሥጋ ቤቶች መደርደሪያ ባዶ የሆነ ሰሞን አራት ወሎዬዎች ሆነን አጋዘን ማደን ጀምረናል። ኮርሱን ወሰድን፣ ፈቃዱን አወጣን፣ ጠመንጃ ገዛን። ቢስሚላህ ብለን እንተኩሳለን፤ ደርሰን ነፍስ ካገኘንበት እናርዳለን፤ ሥጋውን ለየቤቱ እናካፍላለን። ትልቃችን ጋሽ ይማም ናቸው፤ ሰባ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ሐሰን የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከአፉ ቀልድ አይጠፋም። እኔን «ፕሮፌሰር» ብሎ ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። አራተኛው ሰይድ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ዝምተኛ፣ ሦስት ልጆች ያሉት፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ሲጥል ወገቡን የጨረሰ ሰው።

ያን ዓመት ሰይድ ከመጋዘኑ የሚወጣበት መንገድ አግኝቶ ነበር። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ የአጎቱ ልጅ የስልክ ዕቃ መሸጫ አለው። ከዚያ ሱቅ አንድ መደርደሪያ ተሰጠው፤ ጓንት፣ ቢላዋ፣ የአዳኝ ብርቱካናማ ሰደርያ፣ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ ደረደረበት። እኛን አይተው ማደን የጀመሩ ብዙ ስለነበሩ፣ በስልክ ላይ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች የምንጻጻፍበት ግሩፕ ነበረን። ገበያው እኛ ነን፤ የሱ ካፒታል ደግሞ ስሙ ብቻ ነበር። «ሰይድ አይዋሽም» ይባላል። በዚህ ላይ ነው ሊነግድ ያሰበው።

እኔ አንድ ሙሉ ወቅት አድኜ አንድም አጋዘን አልጣልኩም ነበር። ጠመንጃውን ወቀስኩ፣ ነፋሱን ወቀስኩ፣ አንድ ጊዜ አጋዘኑንም ወቅሻለሁ። በመጨረሻ ጥፋቱ ጠመንጃው ላይ ያለው የብረት ማነጣጠሪያ ነው ብዬ ፈረድኩና ሬድ ዶት ልገዛ ተነሣሁ። ለማታውቁት፣ ሬድ ዶት ጠመንጃ ላይ የሚታሰር ትንሽ መስኮት ነው። በመስኮቱ ስታዩ አንዲት ቀይ ነጥብ ትታያለች፤ ነጥቧን የምትፈልጉት ቦታ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ምላጭ ትስባላችሁ፣ አለቀ። ዋጋው ከአርባ ዶላር ይጀምርና እስከ ሰባት መቶ ይወጣል። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ አነበብኩ። ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ዝናብ ይችላል ወይ፣ የጠመንጃውን እርግጫ ይችላል ወይ፣ ነጥቧ መቶ ያርድ ላይ ስንት ኢንች ትሸፍናለች። ማስታወሻ ደብተር ሞላሁ። ውድ የሚገዛ ሰው ስም ነው የሚገዛው የሚል አንድ ሙሉ ንድፈ ሐሳብም አወጣሁ። ስለ ራሴ ዓይን ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ሁለት ሌሎች ደንበኞች ቆመው ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ ይሻልዎታል» አለና አንዲት ጥቁር ሣጥን አወጣ። «መቶ ሃያ ነው። የአርባው ሁለት ወቅት አይቆይም። የሰባት መቶው ለወታደር ነው፤ እኛ በዓመት ስድስት ቀን ነው የምንተኩሰው።»

ምክሩ ትክክል ነበር። እኔ በሦስት ሳምንት ንባብ የደረስኩበትን እሱ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው፤ ያም ትንሽ ሳያናድደኝ አልቀረም። ማነጣጠሪያውን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የጎማ ቤት ምልክት አየሁበት። የታየኝ ነገር ነጥብ አልነበረም። ግድግዳ ላይ የተወረወረ ቲማቲም ነው የሚመስለው፤ መሐሉ ፈስሷል፣ ዳር ዳሩ ጅራት አለው።

«ይቺ ተበላሽታለች» አልኩ።

ሰይድ ተቀብሎ አየና ብርሃኗን ዝቅ አድርጎ መለሰልኝ። «አሁንስ?»

«ያው ናት። ትንሽ ቲማቲም።»

ሌላ ሣጥን ከፈተ። ያም እንደዚያው። አንድ አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስባል፤ ሁለት አዳዲስ ዕቃዎች አንድ ዓይነት ሕመም ከታመሙ የጋራቸው ነገር ምንድን ነው? እኔም አስቤአለሁ። የደረስኩበት መልስ ግን ሰይድ ያመጣው ሙሉ ካርቶን ፋብሪካ የጣለው ነው የሚል ነው።

ሰይድ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ አንዳንዴ ዓይን ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያያል። ዓይንዎን ተለክተው ያውቃሉ?»

በኔ ቤት ተሰደብኩ። ሁለቱ ደንበኞች እንዲሰሙ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። «ሰይድ፣ እኔ እኮ የመድኃኒት ጠርሙስ ጀርባ ያለ መነጽር ነው የማነበው!»

«እሱ የቅርቡ ነው፤ የሩቁ…» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። «ይውሰዱትና ነገ ሜዳ ላይ ይሞክሩት። ካልተስማማዎት ይመልሱታል።»

እውነቱን፣ መላውን እውነት፣ በአምስተኛው ደቂቃ ነግሮኛል። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «ከየት ልታውቀው ትችል ነበር?» እንዳትሉልኝ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የተኩስ ሜዳ ሄድን፤ ሐሰንና እኔ። አሥራ ሁለት ጥይት ተኮስኩ። ወረቀቱ ላይ አራት ቀዳዳ ተገኘ፤ አንዱ በጠርዙ በኩል።

«ፕሮፌሰር፣ ኢላማው እዚያ ነው» አለ ሐሰን። «አፈሩ ምን በደለህ?»

«ዕቃው ነው። ነጥቡ ፈስሷል።»

«እስቲ አምጣ እኔ ልሞክርልህ።»

«አያስፈልግም። የማውቀውን አውቄአለሁ።»

ያን ጊዜ ጠመንጃውን ብሰጠው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር። አልሰጠሁትም። ጠመንጃዬን ሸክፌ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና የማውቀውን ብቸኛ ሙያ ሠራሁ፤ ጻፍኩ። ለሠላሳው ሰው ግሩፕ። እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ወንድማችን ሰይድ የምሕረት ቤት ከፍቷል። ፋብሪካ ለቆሻሻ የጣላቸውን የሙት ልጆች እየሰበሰበ በመቶ ሃያ ዶላር አሳዳጊ ይፈልግላቸዋል። ጉድለታቸውን የጠየቀ ደግሞ ዓይኑን እንዲመረመር ይመከራል።» ሌላም ነበረበት፤ የቀረውን ልድገመው ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ያን ዕለት ግን እጄ በደንብ ታዞኛል። ሁለቴ አርሜዋለሁ፤ ምቱ እንዲያምር አንድ ቃል ቀይሬአለሁ።

የሳቅ ምልክት ዘነበ። ጎማዬ ከሜዳው ሳይወጣ አራት ሰዎች ያዘዙትን ሰረዙ። የገዙትም «እኔም ሳየው ትንሽ ደስ አላለኝም ነበር» ማለት ጀመሩ። ሰይድ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይየው።»

እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለ ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ተቀመጥን። ጋሽ ይማምና ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች፣ ሰይድ፣ ሐሰን፣ እኔ። ጠመንጃ አላመጣንም፣ እብድ አይደለንም፤ ማነጣጠሪያው ብቻ ጠረጴዛው መሐል በናፕኪን ላይ ተቀመጠ። መኪናዬ በስብሰባው ዕለት ጠዋት አልነሣ ብላ ስለነበር የሁለተኛ ዓመት ተማሪዋ ልጄ ሐያት ነች የነዳችልኝ። ቁልፍና ስልክ ይዛ በሩ ሥር ቆመች።

መጀመሪያ የመናገር ዕድል ለከሳሽ ተሰጠ። ያለ ማጋነን ሩብ ሰዓት ተናገርኩ። ነጥብ ምን መምሰል እንዳለባት፣ ይቺ ምን እንደምትመስል፣ ጅራቷ በየት በኩል እንደሆነ። ከዚያ ወዲያ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሦስት የተከበሩ አባቶች ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሰዓት ላይ ሲያነጣጥሩ ማየት ለሐያት ከሲኒማ በለጠ። ስልኳን ይዛ ቀርባ ፎቶ ታነሣለች።

ጋሽ ይማም ረጅም ጊዜ አዩ። ዕቃውን አወረዱ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና አዩበት። «አዎ…» አሉ በመጨረሻ፤ «ትንሽ ብትን ያለች ትመስላለች።»

ሁለተኛው፦ «ጅራት ነገር አላት፤ ልክ ነው።»

ሦስተኛው ገና ሳያዩበት፦ «እንዳላችሁት ነው።»

ሐሰንም ተቀብሎ አየ። አፉን ከፈተ። እኔን አየኝ። ዘጋው። ሐሰን ቀልድ ሲውጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሰይድ፣ ልጄ፣ የምትለው አለ?» አሉ ጋሽ ይማም።

ሰይድ እኔን ተመለከተ፤ ከዚያ በኔ ትከሻ ላይ አልፎ ሐያትን። «የለኝም» አለ። «ዕቃውን ከሁሉም ሰው እመልሳለሁ። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ተነሥቶ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ትከሻዬን ሳመኝ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት። «ለሚቀጥለው ተማርበት» አልኩት። ወላሂ ይህን ብዬዋለሁ።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ መኪናዬ ገና ጋራዥ ስለነበረች ሐያት ከሥራ ወሰደችኝ። ጋሃና መግቢያ ላይ ቀይ መብራት ያዘን።

«ዳድ፣ እዛ የነበረው ዶት እኮ ኖርማል ነው» አለች ድንገት።

«የቱ ዶት?»

ስልኳን ሰጠችኝ። እሑድ ጋሽ ይማም ዕቃውን ሲያወርዱ በመስኮቱ ውስጥ ስልኳን አስጠግታ ያነሣችው ፎቶ ነው። የግድግዳው ሰዓት፣ መሐሉ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ። ክብ። ንጹሕ። በብዕር ጫፍ የተነካች የመሰለች። በጣቴ ከፍቼ አሳደግኳት፤ ብታድግም ክብ ናት።

«ካሜራው አስተካክሎት ነው» አልኩ። እስከ መጨረሻው ለመታገል የተፈጠርኩ ነኝ።

«ዳድ።» እንደ እናቷ ነው ስሜን የምትጠራው፤ ሙሉ ፍርድ አለበት። «ያን ትራፊክ ላይት እየው። ምን ይመስልሃል?»

«ቀይ መብራት ነዋ።»

«ሼፑ?»

«መብራት ነው፤ ጨረር አለው። ወደ ላይና ወደ ታች ረጅም፣ ወደ ጎን አጭር።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ አልነዳችም። ከኋላ ክላክስ ተነፋብን።

«ዳድ፣ መብራቱ ክብ ነው» አለች። «ጨረር የለውም። ማንም ጨረር አያይም።»

አምሳ ሁለት ዓመት መብራት ሁሉ ጺም ያለው ይመስለኝ ነበር። የደሴ የመንገድ መብራት፣ የአዲስ አበባ የመኪና መብራት፣ የኮሎምበስ ማስታወቂያ። ሰው ሥዕል ላይ ከፀሐይ ጨረር የሚስለው እንደዚያ ስለሚያይ መስሎኝ ነበር። የአንድ ሰው ዓይን ለራሱ የሚያወራውን ውሸት የሚያጋልጥ ሌላ ዓይን ስለሌለው፣ ሙሉ ዕድሜ ሊኖርበት ይችላል።

ሐሙስ የዓይን ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ወጣት ሴት ነች፤ ሰሌዳ ላይ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ከመሐል ወደ ዳር የተዘረጉ መስመሮች አሳየችኝ። «የትኞቹ ይደበዝዛሉ?» ብትለኝ ግማሾቹ ደብዝዘዋል። ዓይኔ የሩቁን አጥርቶ አያይም፤ በዚያ ላይ የዓይኔ ፊት የተስተካከለ ክብ አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ በብዙ ሰው ላይ ያለ፣ በመነጽር የሚስተካከል ነገር ነው አለች። ቅርቡን ያለ መነጽር የማነበው ዓይኔ ጎበዝ ስለሆነ ሳይሆን ሩቁን ስለማያይ እንደሆነም ጨመረችልኝ። ሳልጠይቃት።

ከዚያ በቀጥታ ጋሽ ይማም ቤት ሄድኩ።

«እሑድ ምን ነበር ያዩት?»

«ምኑን?»

«ነጥቧን ነው፣ ጋሼ።»

«ነጥብ ነዋ።» ጣታቸውን አሳዩኝ። «እንዲህ፣ ክብ።»

«ታዲያ ለምን ብትን ያለች ናት አሉ?»

«አንተ ያን ሁሉ ስትናገር፣ ያነበበ ሰው ነው፤ ሞራ የጋረደው የኔ ዓይን ነው እንጂ አልኩ። በዚያ ላይ ተቀምጠህ እያየኸኝ… እንዴት ብዬ ‹ውሸትህን ነው› ልበልህ?»

ሁለቱም ሌሎቹ እንዲሁ አሉኝ። ሦስት ሰው ለኔ ክብር ሲል ክቡን ነጥብ ብትን ነው አለ፤ አራተኛው ቀልዱን ዋጠ። ይሉኝታችንን ለብዙ ዓመት በጽሑፍ ስነቅፍ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ሲጠቅመኝ ግን ከማስረጃ ቆጥሬዋለሁ።

ሱቁ ስደርስ መደርደሪያው ላይ የስልክ ሽፋን ተደርድሯል። ሰይድ ወደ መጋዘኑ ሙሉ ሰዓት ተመልሷል አለኝ የአጎቱ ልጅ፤ ዓይኔን ሳያይ። ከመኪናው ሆኜ ደወልኩ።

«ሰይድ፣ ዓይኔ ነው።»

ጩኸት ያለበት ቦታ ነበር፤ ፎርክሊፍት ይጮኻል። «አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«እሑድ ለምን ዝም አልክ?»

«ዓርብ ነግሬዎታለሁ። እሑድ ልጅዎ ቆማ ነበር። አባቷ አያይም ልል አልፈለግሁም። እረፍቴ አልቋል ጋሼ። አፉ ብዬዎታለሁ፤ አይጨነቁ።»

ያን ማታ ለግሩፑ ጻፍኩ። ያለ ቀልድ፣ ያለ ምት። እኔ እንደዋሸሁ፣ ሰይድ እውነቱን ነግሮኝ እንደነበር፣ ዕቃው ጤነኛ እንደሆነ። የሐያትን ፎቶም አያያዝኩ። ለመጀመሪያው ጽሑፍ የሳቁት ሠላሳ ሰዎች ለዚህኛው ስድስት አውራ ጣት ሰጡ። አንድም ሰው ዕቃውን መልሶ አላዘዘም። ሽማግሌዎቹንም መልሼ አስቀመጥኩ፤ ፊታቸው ተናዘዝኩ። የሰይድ ወንበር ባዶ ነበር፤ ሥራ ላይ ነው ተባለ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ የምታነቡኝ ነገር ስለምቃወም ነው። ሁሉም ወደዚህ ሲል ወደዚያ ስለምል። እኔም ይህን ድፍረት ነው ብዬ ስኖር ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ከመጻፌ በፊት ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ሁሉም ክብ ያለው ነገር ለእኔ ብቻ ብትን ካለ፣ ዕድሉ ስንት ነው ጥፋቱ የሁሉም የመሆኑ? ጥያቄው ብዙ ጽሑፎቼን ገድሎብኛል። በደንብ የተጻፉ ነበሩ። አንዳችሁም አላነበባችኋቸውም፤ እሱ ነው ከዚህ ሁሉ የተረፈኝ መልካም ነገር። የቀረውን «ተማርኩ» ብዬ አላስጌጠውም። በሰው ወገብ ነው የተከፈለው፤ የተማርኩት እኔ ነኝ።

ወቅቱ ሲከፈት ሦስት ሆነን ወጣን። ሌላ ሬድ ዶት አልገዛሁም፤ የሚሸጥልኝ ሰው አልነበረም። በመነጽሬ፣ ያን ዓመት ሙሉ የሰደብኩትን የብረት ማነጣጠሪያ ይዤ፣ ቢስሚላህ ብዬ አንድ ጊዜ ተኮስኩ። አጋዘኑ ሁለት እርምጃ ሄዶ ወደቀ። በእኛ ዘንድ መጀመሪያ የጣለ ሰው ታፋውን ለትልቁ ይሰጣል፤ ጋሽ ይማም ግን በእጃቸው ገፉት። «ለሰይድ አድርስ» አሉኝ።

እሑድ ጠዋት ይዤ ሄድኩ። ባለቤቱ በሩን ግማሽ ከፈተች። «አላህ ይስጥልን ጋሼ፤ ምነው ተቸገሩ! ሰይድ ሥራ ገብቷል። ይግቡ እንጂ» አለች፤ ከበሩ ሳትነቃነቅ። ሥጋውን ተቀበለችኝ።

ከእግሯ ሥር የመጋዘን ጫማው ነበር፤ አፍንጫው ብረት የሆነው። ገና እርጥብ ነው። የግራው ክር ተፈቷል፤ የክሩ ጫፍ ፕላስቲክ ወልቆ እንደተተለተለ ሳይቀር በአዲሱ መነጽሬ ጥርት ብሎ ታየኝ። ከውስጥ የሰው ሳል ሰማሁ።

«ሲመጣ ሰላም በይልኝ» አልኳት።

ሰይድ ለእኔ ያደረገውን ያህል ባይሆንም፣ ለአንድ ጊዜ እኔም ያየሁትን እንዳላየሁ ሆኜ ሄድኩ።